የጋራ ላፕቶፕ ግዥ፦ ረቂቁን ከጥር በፊት እንጨርስ

ጸሐፊ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት አመሻችሁ። እሁድ ደሴ ሸዋበር ቡና ላይ የተጨቃጨቅንበትን ወደ ወረቀት ላውርደው። የሰርግ ቪዲዮ የምንሠራ የማኅበራችን አባላት ዘጠኝ ነን፤ በነፍስ ወከፍ 10,000 ብር፣ ድምሩ 90,000። አንድ የጋራ የኤዲቲንግ ላፕቶፕ እንገዛለን። የግዥው ውሳኔ ረቂቄ «አዲስ፣ ኮር አይ 7 ፕሮሰሰር (የማሽኑ አንጎል)፣ 16 ጊጋ ራም (ሲሠራ የሚጠቀምበት ሜሞሪ)፣ 512 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፋይል ማስቀመጫ)» ይላል። ያልተመቸው ያርመው።

የሐይቁ (የሐይቅ ከተማው) አባል፦ ወንድሜ፣ «ኮር አይ 7» ብለህ ብቻህን አትተወው። እኔ በሱ ተበልቻለሁ። አንድ ሱቅ ገብቼ ተለጣፊውን አየሁና ከፈልኩ። ቤት ወስጄ የሰርግ ቪዲዮ ስጭንበት ጮኸ እንጂ አልተራመደም። ለካስ 7500ዩ ነው፤ ሁለት ኮር (ሥራውን የሚካፈሉት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ብቻ! የሚቀጥለው ትውልድ አይ 5፣ 8250ዩ የሚባለው፣ አራት ኮር አለው። ስለዚህ ሙሉ ቁጥሩ ይጻፍ። መጨረሻው ላይ ያለችው ፊደልም ትጻፍ። ዩ ባትሪ ቆጣቢ ነው። ኤች ለከባድ ሥራ ነው። እኛ የምንፈልገው ኤች።

ገንዘብ ያዥ፦ በዚህ ብር አዲስ ካልን ደብዳቤ መጻፊያ ይዘን ነው የምንመለሰው። ያገለገለ ይሁን። ግን የመሐንዲስ ማሽን፦ ቲንክፓድ ፒ53፣ ዴል ፕሪሲዥን 7540 ወይም ኤችፒ ዜድቡክ 15 ጂ6። ሦስቱም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ2019 ናቸው። ስድስት ኮር ያለው 9850ኤች ይገኝባቸዋል፤ የኔቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ያለባቸውም አሉ። ደግሞ ራማቸው ቦርዱ ላይ አልተበየደም። ዛሬ በ16 እንጀምራለን፣ ከጥር ሰርግ ገቢ 32 እናደርሰዋለን። ለማሽኑ ከ75,000 አንለፍ፤ የቀረው ለውጭ ሃርድ ዲስክና ለጥገና ይቀመጥ።

የኮምቦልቻዋ አባል፦ ዴስክቶፕ አይሻልም? በዚሁ ብር የበለጠ ጉልበት እናገኛለን።

የሐይቁ አባል፦ ልክ ነሽ እህቴ፣ ጉልበቱስ ይበልጣል። ግን ወልድያ ሰርግ ሄደን ማታውኑ ፋይል መገልበጥና ማየት አለብን። መብራት ጠፍ ሲልም ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ሥራውን ይዞት ይሄዳል። ላፕቶፕ ቢያንስ ሴቭ እስክታደርጊ ይጠብቅሻል።

የኮምቦልቻዋ አባል፦ እሺ፣ ተሸነፍኩ። እንግዲያው ሙቀቱን አትርሱ። እኛ ጋ ከደሴ ይሞቃል። የቆየ ማሽን የፕሮሰሰሩ ፓስታ (ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ይደርቃል፣ ፋኑ አቧራ ይጠጣል፤ ሲግል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በገዛን ሳምንት ተከፍቶ ይጽዳ፣ ፓስታውም ይቀየር። ይሄ ረቂቁ ውስጥ ይግባ።

ሰብሳቢ፦ ልጆቼ፣ ማሻአላህ፣ ጥሩ ይዛችኋል። እኔ ስለ ቴክኒኩ ብዙ አልልም። ሱቅ ስንሄድ ምን እንደምናይ ብቻ ንገሩኝ። እኔ ቡናውን ጀባ እላለሁ፣ እናንተ ፈትሹ።

ገንዘብ ያዥ፦ አብሽር ጋሼ። መጀመሪያ ቻርጀሩን ገልብጬ አነባለሁ። የፒ53 ኦሪጅናል 170 ወይም 230 ዋት ነው፤ ጡብ ያክላል። በደካማ ቻርጀር ማሽኑ ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም፣ ባለሱቁ ደግሞ ያገኘውን ሰክቶ ሊያሳየን ይችላል። ቀጥሎ የዊንዶውስን ትእዛዝ መጻፊያ ጥቁር መስኮት ከፍቼ «ፓወርሲኤፍጂ ባትሪሪፖርት» የሚለውን ትእዛዝ እጽፋለሁ። ባትሪው ሲፈበረክ የነበረው አቅምና አሁን የሚይዘው ጎን ለጎን ይወጣል። ከግማሽ በታች ከወረደ ዋጋ እናስቀንሳለን። ከዚያ የራሳችንን የ4ኬ (ከፍተኛ ጥራት ያለው) ቪዲዮ በፍላሽ ወስደን ሃያ ደቂቃ ሬንደር እናደርጋለን፤ ማለትም ያለቀውን ቪዲዮ እንዲያወጣ እናሠራዋለን። ባለሱቁ ፊቱን ቢያጠቁርም አልነሳም። ማሽን የሚዋሸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ነው፤ ሲግል ነው እውነቱን የሚናገረው።

ጸሐፊ፦ ሶፍትዌሩስ? የተሰረቀ አንጭንም ብለናል።

የሐይቁ አባል፦ ነጻው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ዳቪንቺ ሪዞልቭ ይበቃናል። 4ኬው ከከበደ ፕሮክሲ (ቀለል ያለ ቅጂ) እንሠራለን፤ በቀላሉ ቅጂ እንቆርጣለን፣ በዋናው እናወጣለን። ይሄ ብልሃት ከአንድ ግራፊክስ ካርድ በላይ ብር ያድናል ብል አላጋነንኩም። አንድ ነገር ግን፣ ከስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር በታች አንውረድ። ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 2018 ላይ አልቋል።

ጸሐፊ፦ በቃ፣ ረቂቁን እንዲህ ቀየርኩት፦

«ማኅበሩ ያገለገለ፣ ዘጠነኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ፣ ባለ ኤች ፕሮሰሰር፣ ቢያንስ ስድስት ኮር፣ 16 ጊጋ ራም (ወደ 32 የሚያድግ)፣ 4 ጊጋ የራሱ ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ የያዘ ላፕቶፕ ይገዛል። ጣሪያው 75,000 ብር። ከቀረው 15,000 ላይ የውጭ ዲስክና የጽዳት ወጪ ይሸፈናል። የሃያ ደቂቃ ሬንደር ሳይደረግ ክፍያ አይፈጸምም። ኦሪጅናል ቻርጀር ከሌለው አይገዛም።»

ተቃውሞ ያለው እስከ ሐሙስ ይጻፍ።

የኮምቦልቻዋ አባል፦ ተቃውሞ የለኝም። ጥያቄ አለኝ። ማን ቤት ነው የሚያድረው?

ገንዘብ ያዥ፦ ተራ በተራ፣ እንደ ጽዋ።

የኮምቦልቻዋ አባል፦ ቻርጀሩን አንዱ ቤት እየረሳችሁ እኔን ደሴ ልታመላልሱኝ! በመዝገብ ይሁን። የወሰደ ይፈርማል፣ ቻርጀሩ ለብቻው ይጻፋል።

ሰብሳቢ፦ ጸሐፊ፣ ይቺን ጨምርበት።

ጸሐፊ፦ ጨምሬያለሁ ጋሼ።