«ይስሐቅ» በልደት መዝገብ ላይ በየትኛው ፊደል ይጻፍ?

ለክርክር የቀረበው፦ ጎጃም ውስጥ ልጃቸውን ይስሐቅ ያሉ ወላጆች የልደት ምስክር ወረቀት ሲያወጡ ስሙ አንዴ «ይስሐቅ»፣ አንዴ «ይስሃቅ»፣ አንዴም «ይሥሐቅ» ተብሎ ይጻፋል። መዝጋቢ ሊያርም ይገባዋል ወይስ ወላጅ እንደጻፈው ይተው? የስሙ ትርጉምስ በዚህ ላይ ድምፅ አለው?

የቅኔ መምህር፣ ዋሸራ፦ አለው እንጂ! በግእዝ «ሠሐቀ» ማለት ሳቀ ነው፤ አማርኛችን መካከለኛዋን ፊደል ውጦ «ሳቀ» አለ። ሐመሩን ሐ በሃሌታው ሀ ስትለውጡት ግሱ ይጠፋል። «ሰረቀ» ሲል ሌባውን፣ «ሠረቀ» ሲል የፀሐይን መውጣት የሚለይ ተማሪ ስም ላይ ፊደል ሲደበላለቅ ዝም ማለት የለበትም። በንጉሡ ሠ፣ በሐመሩ ሐ፣ «ይሥሐቅ» ተብሎ ይጻፍ።

የብሉይ ኪዳን መምህር፣ ባሕር ዳር፦ የኔታ፣ በሐ እስማማለሁ፤ በሠ ግን አልስማማም። መጽሐፍ ቅዱሳችን በእሳቱ ሰ «ይስሐቅ» ይላል። ዕብራይስጡም አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው በጻዴ ነው፤ በመዝሙር 118 ክፍሎች ርእስ ላይ የምናውቃት ጻዴ። ለእርስዎ ሠ የምትቀርበው ፊደል የገባችው በ4 ቦታ ብቻ ነው፤ በዕብራይስጡ ቁጥር መዝ. 105፥9፣ ኤር. 33፥26፣ አሞ. 7፥9 እና 7፥16። ሠ ነውር የለባትም፤ በሁሉም ላይ ግን ግዴታ ልናደርጋት አንችልም።

ትርጉሙን «ሳቅ» ብሎ ማለፍም ጎዶሎ ነው። ዕብራይስጡ ግስ ነው፤ «ይስቃል»። አብርሃም በዘፍ. 17፥17 ስቋል፤ ሣራ በ18፥12 በልቧ ስቃለች፤ በ21፥6 ደግሞ የሚሰማ ሁሉ እንደሚስቅ ትናገራለች። ከሊቃውንት ብዙዎቹ ስሙ መጨረሻው ላይ «ኤል» እንደነበረው ያስባሉ። ወንድሙ እስማኤል «እግዚአብሔር ይሰማል» እንደሆነ ሁሉ ይህም «እግዚአብሔር ይስቃል»፣ ማለትም በደስታ ያያል፣ ይሆናል።

የቅኔ መምህር፦ በግእዙ ሰዋስው ግን ከዚህ ስም «ይስቃል» አይወጣም። ትንቢቱ፣ ማለትም «ይስቃል» የሚለው የግስ መልክ፣ «ይሥሕቅ» ነው፣ ሕ በሳድስ። «ይሥሐቅ» ትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ «ይሳቅ» ማለት ነው። ለሕፃን ከዚህ የበለጠ ምን ምርቃት አለ? በአንዲት ፊደል የሚጠፋው ይህ ነው።

የብሉይ ኪዳን መምህር፦ ምርቃቱን በሙሉ ልቤ እቀበላለሁ። የዕብራይስጡ ፍች ነው ተብሎ ግን ለተማሪ እንዳይነገር።

የወሳኝ ኩነት መዝጋቢ፣ ደብረ ማርቆስ፦ ስም የሚያወጣው ወላጅ ነው፤ እኔ በእሱ ላይ አልፈርድም። ችግሩ ሌላ ነው። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ በንባብ አንድ ናቸው፤ ከስ እና ከሥ ጋር ሲጣመሩ ለዚህ አንድ ስም 12 አጻጻፍ ይወጣል። ኮምፒውተሩ 12 የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ያያቸዋል። ልደቱ «ይስሐቅ»፣ የትምህርት ማስረጃው «ይስሃቅ» የሆነ ልጅ መታወቂያ ሲያወጣ ይጉላላል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40 ቀኑ ነውና ለመምከር ጊዜ አለ። ስሙን በቃል አትንገሩን፤ በወረቀት ጽፋችሁ አምጡ፤ ሳይታተምም ፊደል በፊደል አንብቡት።

የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ባሕር ዳር፦ 12ቱ አጻጻፍ ለማሽን ቀላል ነው። ከዋናው ስም ጎን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ቅጂ ይቀመጥ፤ በእሱ ውስጥ ስድስቱም ወደ ሀ፣ ሠ ከነዘሮቿ ወደ ሰ ይለወጡ። ወረቀቱ ላይ የሚታተመው ወላጅ የጻፈው ነው። ጥፋት የሚመጣው የተለወጠውን በዋናው ላይ ሲደርቡት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያ ሀ ከሐ ይሁን ከኀ የመጣ መለየት አይቻልም።

የቅኔ መምህር፦ ፍለጋው እንዲያ ይሁን። መዝጋቢዋ ግን አታርሚ እንጂ ጠይቂ ነው የምለው። «መጽሐፉ ይስሐቅ ይላል፤ የትኛውን ላድርግላችሁ?» ማለት ምን ይከብዳል?

መዝጋቢ፦ ይህን መጠየቅ እችላለሁ፣ የኔታ። «ይሥሐቅ»ን ግን ወላጁ ራሱ ካላነሣው እኔ አላነሣም።

የቅኔ መምህር፦ እሱን እኛ ለወላጆቹ እንነግራለን።