ዓመቱን ሙሉ ለሚመላለስ ሰው የትኛው የጉዞ የሕክምና መድን ይሻላል?

ጥያቄ፦ የመርካቶዋ ነጋዴ
ሰላም ለሁላችሁ። የጨርቅ ነጋዴ ነኝ። በዓመት አምስት ስድስት ጊዜ ወደ ጓንግዡ፣ ዱባይና ኢስታንቡል እመላለሳለሁ፤ አንዳንዴም ፍራንክፈርት ያለችውን እህቴን እጠይቃለሁ። እስካሁን መድን የምገዛው ለቪዛ ስጠየቅ ብቻ ነበር። አሁን አንድ የዓመት ውል ልግባ ብዬ የቀረበልኝን ሳነብ «እያንዳንዱ ጉዞ ከ30 ቀን አይበልጥም» ይላል። የጓንግዡ ጉዞዬ ግን እስከ 40 ቀን ይፈጃል። ደግሞም የደም ግፊት አለብኝ፤ ባለፈው ወር ሐኪሜ የግፊት መድኃኒቴን፣ አምሎዲፒኑን፣ ከ5 ወደ 10 ሚሊግራም አሳድጎልኛል። ይህን መናገር አለብኝ? አረቦኑ (ለመድኑ የምከፍለው ዋጋ) እንዳይወደድብኝ ፈራሁ።

መልስ፦ የመድን ሠራተኛ
እህቴ፣ ከደም ግፊቱ ልጀምርልዎት፤ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነውና። ይናገሩ። አረቦኑ ሊጨምር ይችላል። ነገር ግን ደብቀው ውጭ አገር ቢታመሙ፣ መድን ሰጪው ካሳ ከመክፈሉ በፊት የሕክምና ታሪክዎን ይጠይቃል፤ ያልተነገረ ሕመም ሲያገኝም አልከፍልም ይላል። ብዙ ውሎች ቀድሞ የነበረን ሕመም ጨርሶ አይሸፍኑም። የሚሸፍኑትም ሕመሙ ለተወሰነ ጊዜ ሳይለዋወጥ መቆየቱን ይጠይቃሉ፤ ጊዜው እንደየውሉ ይለያያል፣ 60 ቀን የሚል አለ፣ 180 ቀን የሚልም አለ። የመድኃኒት መጠን መጨመር እንደ ለውጥ ሊቆጠር ስለሚችል፣ የእርስዎ ቆጠራ ካለፈው ወር ሊጀምር ይችላል። ከመፈረምዎ በፊት ይህን በጽሑፍ ጠይቀው በጽሑፍ መልስ ይቀበሉ።

የቀኑን ነገር በተመለከተ፣ በ31ኛው ቀን ሽፋኑ ይቆማል። ከዚህ የከፋም አለ፦ የመመለሻ ትኬትዎ ከመነሻው ለ40ኛው ቀን የተቆረጠ ከሆነ፣ አንዳንድ ውሎች ያንን ጉዞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይሸፍኑትም። ስለዚህ በአንድ ጉዞ 45 ወይም 60 ቀን የሚፈቅድ የዓመት ውል ይፈልጉ፤ ካልተገኘ ለጓንግዡ ለብቻው ይግዙ። በውሉ ላይ ያለው የገንዘብ ጣሪያ ለእያንዳንዱ ጉዞ ይሁን ለዓመቱ በሙሉም ይጠይቁ።

መልስ፦ የጓንግዡ ደንበኛ
እህቴ፣ እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ። እዚያው ጓንግዡ ሌሊት የሐሞት ጠጠር ያዘኝ። ሆስፒታሉ አልጋ ከመስጠቱ በፊት ተቀማጭ ገንዘብ ጠየቀ። ጎኔን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ለዕቃ ያዘጋጀሁትን ዩዋን በገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ቆጠርኩ። መድን ነበረኝ፤ ነገር ግን ውሉ ላይ ያለውን የ24 ሰዓት ስልክ ሳልደውል ገባሁ፣ ካሳውም ወራት ፈጀ። ብደውል ኖሮ የመድን ድርጅቱ ሰዎች ራሳቸው ከሆስፒታሉ ጋር ይነጋገሩልኝ ነበር። ቁጥሩን ፓስፖርትሽ ውስጥ አስቀምጪው፤ ስልክሽ ባትሪ ሊጨርስ ይችላል። ስትወጪም ቀይ ማኅተም ያረፈበትን ደረሰኝና የሐኪሙን ማስረጃ ሳትይዢ እንዳትነሺ። የእኔ በቻይንኛ ብቻ ስለነበር ማስተርጎሚያውን ከኪሴ ከፍያለሁ።

መልስ፦ ከጀርመን
ለሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ጀርመንን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች ለሚያገለግለው የጋራ ቪዛ፣ ሽፋኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሆን፣ በሁሉም የሸንገን አገሮች መሥራት፣ ድንገተኛ ሕክምናን እንዲሁም ለሕክምና ወይም በሞት ምክንያት ወደ አገር መመለስን ማካተት አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ በሚያስገባ ቪዛ ላይ ነው። ኤምባሲው የሚያየው የመጀመሪያውን ጉዞ መድን ብቻ ነው፤ ለሚቀጥሉት ጉዞዎችም መድን እንደሚያስፈልግ ማወቅዎን ግን ማመልከቻው ላይ ፈርመዋል። ቪዛው ገና አላለቀም ብለው ያለ መድን እንዳይመጡ።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ
በዚሁ አጋጣሚ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ትሄዳለች። ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) አላት፤ እዚያ ይሠራል?

መልስ፦ የመድን ሠራተኛ
ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም። ሜዲጋፕ የሚባለው፣ ሜዲኬር የማይከፍለውን የሚሞላ ተጨማሪ የግል መድን ካላቸው፣ አንዳንዶቹ ውሎች በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት ለሚያጋጥም ድንገተኛ ሕክምና፣ የመጀመሪያውን 250 ዶላር ታካሚው ከከፈለ በኋላ ከቀሪው 80 በመቶ ይከፍላሉ፤ ጣሪያው በዕድሜ ልክ 50,000 ዶላር ነው። እናትዎ እንዲህ ያለ ውል ከሌላቸው ወይም ከሁለት ወር በላይ የሚቆዩ ከሆነ የጉዞ መድን ይግዙላቸው፤ ሲገዙም የዕድሜ ገደቡን ይመልከቱ።

የመርካቶዋ ነጋዴ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጓንግዡ ትኬቴን ገና አልቆረጥኩም። የመድኃኒቱን ማዘዣ ይዤ ሰኞ ወደ መድን ድርጅቱ እሄዳለሁ፤ የሚሰጡኝን የጽሑፍ መልስ እዚሁ አሳውቃችኋለሁ።