ባሕር በር ለሌላት አገር የባሕር ሳይንስ ድጋፍ ምን ይፈይዳል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ደብረ ብርሃን
ለታዳጊ አገሮች የሚሰጠው የባሕር ሳይንስና ቴክኖሎጂ ድጋፍ ወደብና መርከብ ላላቸው ብቻ የታሰበ ነው ወይስ እኛንም ይመለከታል? በሕግ የተደነገገ ነገር ካለም የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መልስ፦ የአየር ጠባይ ባለሙያ፣ ደብረ ሲና
መምህር፣ በእጅጉ ይመለከተናል። የመንዝ ገበሬ በበልግ ለሚዘራው ገብስ የሚጠብቀው ዝናብ እርጥበቱን በአብዛኛው የሚያገኘው ከሕንድ ውቅያኖስና ከዐረብ ባሕር ሲሆን፣ ክረምታችን ደግሞ የፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተከሠተው ኤልኒኖ (ይህ የፓስፊክ መሞቅ የሚጠራበት ስም ነው) ዝናቡ ጎድሎ ከ10 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያን የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነው ነበር። እንዲህ ያለውን አስቀድሞ ለማየት የሚረዳው መረጃ የሚለካው እዚያው ባሕሩ ላይ ነው። አርጎ በተባለው ዓለም አቀፍ የውቅያኖስ መለኪያ መርሐ ግብር የተሰማሩት ተንሳፋፊ መሣሪያዎች እስከ 2000 ሜትር ጠልቀው የውኃውን ሙቀትና ጨዋማነት እየለኩ፣ በየ10 ቀኑ ወደ ላይ ወጥተው ውጤቱን በሳተላይት ይልካሉ፤ መረጃው ለማንም በነፃ ክፍት ነው። ስለዚህ የሚጎድለን መርከብ ሳይሆን፣ ይህን መረጃ ለአንድ ወረዳ ገበሬ ወደሚጠቅም ትንበያ የሚለውጥ የሠለጠነ ሰውና የማይቋረጥ ኢንተርኔት ነው።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ፣ ፍቼ
እ.ኤ.አ. የ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 266 የባሕር በር የሌላቸውን ታዳጊ አገሮች ለይቶ ይጠቅሳል። ነገር ግን ድጋፉ «ለሚያስፈልጋቸውና ለሚጠይቁ» መሆኑን ልብ ይሏል፤ ያልጠየቀ አገር የሚያገኘው ነገር የለም። አንቀጽ 254 ደግሞ በጎረቤት ባሕር ላይ ምርምር ሲታቀድ የባሕር በር የሌላቸው ጎረቤቶች እንዲያውቁትና በተቻለ መጠን ባለሙያ ልከው እንዲሳተፉ ዕድል ይሰጣል። በበኩሌ ይህ አንቀጽ ከማንኛውም የመሣሪያ ስጦታ ይበልጥብኛል፤ መለዋወጫና ጠጋኝ የሌለው መሣሪያ መጋዘን ውስጥ ይቀራል፣ ምርምር ላይ የዋለ ባለሙያ ግን ዕውቀቱን ለሌሎች ያስተምራል።

መልስ፦ ጠያቂው
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ታዲያ ጥያቄውን አንድ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ሊያቀርብ ይችላል?

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ፣ ፍቼ
በስምምነቱ መሠረት ጠያቂው መንግሥት ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚያሠለጥናቸውን ሰዎችና የሚፈልገውን መረጃ ዘርዝሮ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማቅረብ ይችላል።

መልስ፦ የአየር ጠባይ ባለሙያ፣ ደብረ ሲና
እስከዚያው ናይሮቢ የሚገኘው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል የሚያወጣቸውን የወቅት ትንበያዎች ከተማሪዎችዎ ጋር ያጥኗቸው፤ የአካባቢያችሁን የዝናብ መዝገብ ከትንበያው ጋር ማነጻጸር ጥሩ ጅማሮ ነው።