የቢዝነስ ስኩል ቃለ መጠይቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ከድሬ ሆኜ እንዴት ልዘጋጅ?

ሳቢያን_12፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ካመለከትኩባቸው አንዱ፣ ለንደን ያለ ትምህርት ቤት፣ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። ጠያቂው የቀድሞ ተማሪያቸው ነው፤ የምንገናኘው በቪዲዮ ነው። ሥራዬ ደረቅ ወደብ ላይ ሎጂስቲክስ ነው፣ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ ምን ያህል ልዘርዝር? መብራትና ኔትወርኩንስ እንዴት ላድርገው?

ከዚራ_ጥላ፦
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! መጀመሪያ የግብዣውን ኢሜይል ደግመሽ አንብቢና ጠያቂው ማመልከቻሽን በሙሉ አይቶ ነው የሚመጣው ወይስ ሲቪሽን ብቻ፣ እሱን አጣሪ። ሐርቫርድ ላይ ሁሉንም አንብበው ነው የሚጠይቁት፣ ጊዜው ደግሞ 30 ደቂቃ ነው፤ ከማመልከቻው ጋር የላክሽውን ድርሰት ብትደግሚላቸው በከንቱ ያልቃል። የቀድሞ ተማሪ ሲጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ ሲቪሽን ብቻ ይዞ ነው የሚቀርበው፤ ድርሰቱ ላይ የጻፍሽውን ካልነገርሽው አያውቀውም።

አሁን ወደ ዋናው። እኛ አገር «ሠራሁ» ማለት ጉራ ስለሚመስል «ሠራን፣ አስተካከልን» እንላለን። ጠያቂው ደግሞ የሚመዝነው አንቺን ነው፤ ከ«ሠራን» ውስጥ የአንቺን ድርሻ ለይቶ ማውጣት አይችልም። ጎበዝ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፣ በጣም ያሳዝናል። ጉራ አያስፈልግም፤ የሥራ ክፍፍሉን ብቻ ንገሪው። «አምስት ነበርን፤ የጉምሩክ ሰነዱን የያዝኩት እኔ ነኝ» ካልሽ ማንንም አላሳነስሽም።

«ዕቃ ይዘገይ ነበር፣ ተነጋግረን ፈታነው» ብትዪ ምንም አልነገርሽውም። ይሄን እዪው፦ «ኮንቴይነሩ ከደረሰ በኋላ በአማካይ 6 ቀን ይቆም ነበር። ፋይሎቹን ሳገላብጥ የግማሹ መዘግየት ምክንያት የዕቃ ዝርዝሩና ኢንቮይሱ አለመግጠማቸው ነው። ዕቃው ገና መርከብ ላይ እያለ እናመሳክር አልኩ፤ አለቃዬ አልተስማማም። በ10 ኮንቴይነር ሞክሬ ውጤቱን አሳየሁት፤ አሁን 3 ቀን ሆኗል።» ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፣ የራስሽን ተኪ። አለቃው እንቢ ያለበትን ቦታ እንዳትዘዪው፤ ጠያቂው ቀጥሎ የሚቆፍረው እሱን ነው። መነሻውን በ20 ሰከንድ ጨርሰሽ አብዛኛውን ጊዜ አንቺ በወሰንሽው ላይ አውዪ፤ ሁሉም በሁለት ደቂቃ ይለቅ። ዲመሬጅ (ኮንቴይነር ከተፈቀደው ቀን በላይ ሲቆይ የሚከፈለው)፣ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) የሚሉትን ስትጠሪ፣ አብዛኛው የአገራችን ገቢ ዕቃ በጂቡቲ በኩል እንደሚመጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረጂው፤ ለንደን ያለ ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል።

እንዲህ ዓይነት ስድስት ገጠመኝ ይበቃሻል። ያልተሳካልሽ ሥራና ከሰው ጋር ያልተግባባሽበት ጊዜ የግድ ይኑሩበት። ነጥብ ነጥቡን ብቻ ጻፊ፤ ቃል በቃል በእንግሊዝኛ የተሸመደደ መልስ አንዷ ቃል ስትጠፋ ሙሉው ይጠፋል። «ስለ ራስሽ ንገሪኝ» ሲልሽም ከትውልድ ቦታና ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት አትነሺ።

ጁገል_በር፦
እኔ ስለ ሰዓቱ ልጨምር። ለንደን ከእኛ በክረምታቸው 3፣ በበጋቸው 2 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ የምትቀየረው በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ነው። በእነሱ ከሰዓት 2፡00 የተባለ ቀጠሮ በክረምታቸው ለእኛ 11 ሰዓት፣ በበጋቸው 10 ሰዓት ነው። ማረጋገጫውን ስትጽፊ የሁለቱንም ከተማ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፊው።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይቆያል፤ የሚጠፋው ዋይፋዩ ነው። ስልክሽ ሙሉ ቻርጅና ዳታ ይኑረው፣ ሆትስፖቱን ቀድመሽ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝተሽ ሞክሪ። ቁጥርሽን ከዋዜማው ላኪለት፤ ከተቋረጠ በሁለት ደቂቃ በስልክ እንደምትገቢ መጀመሪያ ላይ ንገሪው። አቦ፣ በድሬ ሙቀት ፋን ማጥፋት ከባድ ነው፤ ግን ድምፁ ማይክ ውስጥ ይገባል። ክፍሉን ቀድመሽ አቀዝቅዢና አጥፊው፣ ባለማይክ ኢርፎን አድርጊ። መስኮቱ ፊት ለፊትሽ ይሁን፤ ከኋላሽ ከሆነ ፊትሽ ይጨልማል።

ሲቪሽ ላይ ያሉ ዓመተ ምሕረቶችንም እዪ። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 2010 ተመርቀሽ እንዳለ 2010 ብለሽ ከላክሽ 8 ዓመት ወደኋላ ሄደሻል፤ 2018 ነው መሆን ያለበት።

ሳቢያን_12፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፦ ለሌላው ትምህርት ቤት አለቃዬ የድጋፍ ደብዳቤውን «አንቺው ጻፊና ልፈርም» አለኝ። ጂማትም (የቢዝነስ ስኩል መግቢያ ፈተናው) ይቀረኛል።

ለገሃር_ማዶ፦
ደብዳቤውን አንቺ አትጻፊው። ደንባቸው ይከለክላል፤ አጻጻፉም ከድርሰትሽ ጋር ስለሚመሳሰል ያሳብቃል። ይልቅ የሠራሻቸውን ነገሮች ከነቀናቸውና ከነቁጥራቸው በአንድ ገጽ አዘጋጅተሽ ስጪው። ለደብዳቤ ጸሐፊው የሚላኩ ብዙ ቅጾች ከእኩዮችሽ ጋር እንዲያነጻጽርሽና የሰጠሽን ዋና እርማት፣ አንቺም እንዴት እንደተቀበልሽው እንዲጽፍ ይጠይቁታል፤ እሱን ቀድመሽ አስታውሺው። የቅጹ ሊንክ በመሥሪያ ቤት ኢሜይሉ ይላክለት፤ ካልደረሰው ስፓም ውስጥ ይፈልግ።

ጂማት አሁን ሦስት ክፍል ነው፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ፤ ሒሳብ 21፣ ቨርባል (ንባብና አመክንዮ) 23፣ ዳታ ኢንሳይትስ (ሠንጠረዥና ግራፍ የመሰለ መረጃ መተንተን) 20 ጥያቄ። ነጥቡ ከ205 እስከ 805 ነው፣ 5 ዓመት ያገለግላል። ካልኩሌተር የሚፈቀደው በዳታው ክፍል ብቻ ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ ሒሳቡን በእጅ ሥሪ። በየክፍሉ መጨረሻ እስከ 3 መልስ መቀየር ይቻላል። ሳይሠራ የቀረ ጥያቄ ነጥብ ይቀንሳል፤ አንዱ ላይ ተቸንክረሽ አትቅሪ።

ስትመዘገቢ ስምሽ ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን፤ የአባትና የአያት ስም ቦታ ተለዋውጦ ከፈተና በር የሚመለስ ሰው አለ። ለማመልከቻው ስቱደንት ኮፒው (ለተማሪው በእጁ የሚሰጠው የውጤት ቅጂ) ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከተቀበሉሽ በኋላ ግን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት (ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚልከው የውጤት ማስረጃ) ይጠይቁሻል፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ የወጪ መጋራት ዕዳሽን ከአሁኑ ጠይቂ፣ እሱ ሳይዘጋ ዋናውን ዲግሪ አይሰጡም።