ለፅኑ ሕሙማን ክፍሎች የሚቀርብ የሴፕሲስ ዕቅድ፦ የአባላት ውይይት፣ ጅማ

አስተባባሪ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ የመጀመሪያው ረቂቅ የላክቴት መለኪያ (የደም ዝውውር ሲዳከም በደም ውስጥ የሚጨምረውን ንጥረ ነገር የሚለካ መሣሪያ) ግዢን ከሁሉ አስቀድሞ ነበር። ሴፕሲስ ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ መስመር ስቶ የገዛ አካላቱን የሚጎዳበት ሕመም ሲሆን፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ዙሪያ ወደ 11 ሚሊዮን ሞት ከእርሱ ጋር እንደ ተያያዘ ተገምቷል። ያለን ገንዘብ የት ቢውል ብዙ ሕይወት እንደሚያተርፍ ሐሳባችሁን እንድታካፍሉን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የፅኑ ሕሙማን ነርስ፦
ቅድሚያው ለመድኃኒቱ ሰዓት እንዲሆን እለምናለሁ። ከዓመታት በፊት፣ በክረምት ሌሊት፣ ከአጋሮ በኩል በሪፈር ለመጡ እናት አንቲባዮቲክ የታዘዘው 7 ሰዓት ላይ ነበር፤ ልጃቸው ማዘዣውን ይዞ በዝናብ መድኃኒት ቤት ሲያንኳኳ አምሽቶ ቫያሉን ከጃኬቱ ሥር አውጥቶ ሲሰጠኝ 10 ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እስከዚያ ድረስ ግፊታቸው ሲወርድ ከመመዝገብና ፈሳሽ ከመስጠት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም። የ2021 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ መመሪያ ሾክ ውስጥ የገባ፣ ማለትም የደም ግፊቱ በጣም ወርዶ አካላቱ በቂ ደም የማያገኙ ታካሚ በ1 ሰዓት ውስጥ መድኃኒቱን እንዲያገኝ ያዛል። የመጀመሪያው መጠን ከክፍሉ ቁም ሣጥን ወዲያው ይሰጥ፣ አስታማሚው በማግሥቱ ይተካ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
ሲስተር ባሉት እስማማለሁ። የላክቴት መለኪያው እስኪገዛ የጣት ጫፍ ለ10 ሴኮንድ ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሴኮንድ በላይ መውሰዱ የደም ዝውውር መዳከሙን ያሳየናል፤ መመሪያውም ይህን ምልክት ከሌሎች መለኪያዎች ጋር እንድንጠቀምበት ይመክራል። የሚያሰጋኝ ፈሳሹ ነው። መመሪያው በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት በየኪሎ የሰውነት ክብደት 30 ሚሊ ሊትር ይጠቁማል፤ ሆኖም በ2017 እ.ኤ.አ. ከዛምቢያ በወጣው ጥናት፣ ግፊታቸው ወርዶ ብዙ ፈሳሽ ቀድሞ ከተሰጣቸው አዋቂዎች 48 በመቶ ሲሞቱ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት የሞቱት 33 በመቶ ነበሩ። የመተንፈሻ ማሽን እንደ ልብ በማይገኝበት ቦታ ሳንባው ውኃ የቋጠረን ሰው መመለስ ከባድ ነውና፣ ከየ500 ሚሊ ሊትሩ በኋላ ደረቱ ይደመጥ የሚል ሐረግ እንዲገባ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ፋርማሲስት፦
ቁም ሣጥኑን እደግፋለሁ፤ ግን ያለ ቁጥጥር ከተከፈተ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን እናበዛለን። ለደም ካልቸር (በደም ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አሳድጎ ለሚለይ ምርመራ) ናሙና ከመድኃኒቱ በፊት ይወሰድ፣ ከ45 ደቂቃ በላይ የሚያዘገይ ከሆነ ግን አይጠበቅ። በ48 እና በ72 ሰዓት መካከልም ሐኪሙ ይቀጥል፣ ይቀየር ወይም ይቁም ብሎ ይፈርም።

አስተባባሪ፦
አንቀጽ 1 እንዲህ ተሻሽሏል፦ «እያንዳንዱ ክፍል የመጀመሪያ መጠን ቁም ሣጥን ይኖረዋል፤ መድኃኒቱ የታዘዘበትና የተሰጠበት ሰዓት በአንድ ቅጽ ላይ ጎን ለጎን ይመዘገባል።» የፈሳሹና የካልቸሩ ሐሳብ አንቀጽ 2 ሆኗል፤ የእጅ ንጽሕናና የካቴተር (ወደ ደም ሥር ወይም ወደ ፊኛ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) እንክብካቤ በረቂቁ እንዳለ ይቀጥላል፤ የላክቴት መለኪያው ወደ ሁለተኛው ዓመት ተዛውሯል።

የፅኑ ሕሙማን ነርስ፦
አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ይጨመርልኝ፤ አስታማሚው መተካት ካልቻለ ቁም ሣጥኑ ባዶ እንዳይቀር የመተኪያው ወጪ በበጀቱ ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው።