የጓደኛዬ ሥራ በእኔ ስም ገብቷል፣ እንዴት ላስተካክለው?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ሰላም ወገኖች። የገብስና የምስር የገበያ ዋጋ የምታሳይ ትንሽ አፕ አለችን። ኮዷ ክፍት ነው። መሐል ሜዳ ያለው ጓደኛዬ ኔትወርክ ሲጠፋበት የጻፈውን በፍላሽ አድርጎ በመኪና ሰው ይልክልኝ ነበር። እኔ ከፍላሹ ገልብጬ በራሴ ላፕቶፕ ኮሚት አደርጋለሁ፣ ማለትም ለውጡን ጊት ላይ አስመዘግባለሁ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። ባለፈው ሳምንት ሥራ ሊወዳደር ሄዶ "የሠራኸውን አሳየን" ሲሉት ሊንኩን ቢከፍት የእሱ ስም አንድም ቦታ የለም፣ ከላይ እስከ ታች የእኔ ነው። ደውሎ አልተቆጣኝም፤ "እስቲ ገብተህ እየው" ብቻ ነው ያለኝ። እሱ ነው የባሰ ያመመኝ። ሌሎችም አሉ፤ አማርኛውን ያረሙልን መምህርና በገበያ ቀን እየዞረች ዋጋ የምትሰበስብልን ልጅ። እነሱ ኮድ አልጻፉም። ምን ላድርግ?

ከጣርማበር፦
ጊት፣ የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ፕሮግራም፣ በእያንዳንዱ ኮሚት ሁለት ስም ይይዛል። ኦተር የሚለው የጻፈው ነው፣ ኮሚተር የሚለው ያስገባው። ጊት በ2005 እ.ኤ.አ. ሊኑክስ ለሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ተብሎ ሲሠራ እዚያ አንዱ ኮዱን በኢሜይል ይልካል፣ ሌላው ያስገባል፤ ያው ያንተ ፍላሽ ማለት ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ኮሚት ስታደርግ ኦተር ላይ የእሱን ስምና ኢሜይል ስጥ። አብራችሁ ከጻፋችሁት ደግሞ ከመልእክቱ ግርጌ፣ አንድ መስመር ዘለህ፣ "ኮ-ኦተርድ-ባይ" (በእንግሊዝኛ Co-authored-by:) ብለህ ስሙንና ኢሜይሉን አስገባ። ኮዱ ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ-ገጽ ላይ ከሆነ፣ ኢሜይሉ እዚያ አካውንቱ ላይ ያለው መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ፕሮፋይሉ ላይ አይቆጠርለትም።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ። ያለፈውስ? አርባ ያህል ኮሚት ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦
የቆየውን መቀየር ይቻላል፣ ግን ተጠንቀቅ። አንዱን ስትነካ ከእሱ በኋላ ያሉት ኮሚቶች መለያ ቁጥር በሙሉ ይቀየራል፣ ቀድሞ ኮዱን የወሰደ ሰው ሥራው ይተረማመስበታል። ጥቂት ከሆናችሁ ቀን ቁረጡ። ሁሉም ያለውን ፑሽ ያድርግ (ወደ ጋራው ቅጂ ይላክ)፣ ባክአፕ ያዝ፣ ቀይር፣ ከዚያ ሁላችሁም እንደ አዲስ አውርዱ። ብዙ ሰው ከወሰደው ግን እኔ አልነካውም፤ የትኛው ሥራ የማን እንደሆነ ሪድሚው (ከኮዱ ጋር ያለው የመግለጫ ፋይል) ላይ በግልጽ ጻፈው። ላይሰንሱንም (የኮዱን የአጠቃቀም ፈቃድ) እይ። ኤምአይቲ የሚባለው ከሆነ የባለመብቶቹን መስመር የገለበጠ ሁሉ እንዲያቆየው ይጠይቃል፤ እዚያ ያልገባ ስም በየቅጂው እንደቀረ ይቀራል።

ከደብረ ሲና፦
እኔ የምለው ከሁሉ በፊት ልጁ ሥራ እየፈለገ ነው። ዛሬውኑ የትኛውን ክፍል እንደሠራ ዘርዝረህ በስምህ ፈርመህ ደብዳቤ ስጠው። ጊቱ ነገም ይደርሳል።
ኮድ ስላልጻፉት ደግሞ፣ ሊኑክስ ላይ እኮ ስህተት የጠቆመም የሞከረም "ሪፖርትድ-ባይ"፣ "ቴስትድ-ባይ" እየተባለ ስሙ ይገባል። ገበያ ለገበያ የምትዞረው ልጅ ባትኖር አፗ ባዶ ሠንጠረዥ ናት! እነሱንም ከነሥራቸው ጻፏቸው፣ በፊደል ተራ ይሁን፣ ማን ይቅደም የሚል ክርክር አይነሣም። ግን መጀመሪያ ጠይቁ፣ ስሙ ኢንተርኔት ላይ እንዲወጣ የማይፈልግ አለ። አጻጻፉንም ራሳቸው ይንገሯችሁ።

ጠያቂ፦
ደብዳቤውን ትናንት ማታ ጽፌ በቴሌግራም ላክሁለት። መምህሩንም ደወልኩላቸው፤ "ስሜ በጸሎቱ ጸ ነው፣ በፀሐዩ እንዳታደርገው" አሉኝ። ልጅቷ የራሷን ስም ብቻ፣ ያለ አባቷ ስም፣ እንድጽፍ ነው የፈለገችው። ኮዱን ከእኛ ሌላ የወሰደ ሁለት ሰው ብቻ ስለሆነ ነግረናቸው ልንቀይረው ነው። ጓደኛዬ ቅዳሜ ይመጣል። ፍላሾቹን አልጣልኳቸውም፣ ፋይሎቹ ላይ ቀኑ አለ፣ አንድ በአንድ እያየን የእሱን እንለያለን። ላይሰንሱ ላይ ስሙን ራሱ ያስገባል።