ሥራ ያጣ ሰው በምን ይታከማል?

ጥያቄ (የኮተቤው ሒሳብ ሠራተኛ)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሒሳብ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ከሠራሁ በኋላ፣ ትእዛዝ ቀንሷል በሚል ምክንያት ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር ከተሰናበትኩ ስምንት ወር አልፎኛል። እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ስኳርና ደም ግፊት ስላለባት በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ትወጋለች። በጥር ወር ስኳሯ ከፍ ብሎ ሆስፒታል ስድስት ቀን በተኛችበት ጊዜ፣ ለአልጋው፣ ለላቦራቶሪውና «ከውጭ ግዙ» እየተባለ ማዘዣ ለሚጻፍለት መድኃኒት የከፈልኩት ማቀዝቀዣችንን ሸጬ ነው። ኢንሱሊኑን የማኖርበት ቦታ እንደሌለኝ የገባኝ እሷን ይዤ ቤት ስገባ ነበር። አሁን ጎረቤታችን እትዬ ፍሪጅ ውስጥ ከድልህ ዕቃ አጠገብ በፌስታል ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ እኔም ጠዋትና ማታ በራቸውን አንኳኳለሁ። አንድም ቀን ፊታቸውን አጥቁረውብኝ አያውቁም፤ የማፍረው እኔ ነኝ።

እስካሁን በየሱቁ እየዞርኩ ሒሳብ እየሠራሁ የዕለት ገቢ አገኛለሁ። ሆኖም እናቴ ቀጠሮ ባላት ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ለካርድ ስሰለፍ የዚያ ቀን ገቢ ይቀርብኛል። ዕድራችን ደግሞ ሰው ሲሞት ይደርሳል እንጂ ሲታመም የሚሰጠው ነገር የለም። ጥያቄዬ ሁለት ነው። በደመወዝተኛነቴ ምክንያት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ሳልሆን የኖርኩ ሰው ነኝና፣ አሁን ሥራ ካጣሁ በኋላ መግባት እችላለሁን? ሁለተኛው፣ የሕክምና ዋጋ መናርና ሥራ አጥነት ሁለት የተለያዩ የኢኮኖሚ ችግሮች ናቸው ተብሎ ሲጻፍ አነባለሁ፤ በእኔ ቤት ግን የትኛው የት ላይ እንደሚያበቃ መለየት አቅቶኛል።

መልስ 1 (ጡረተኛው የጤና መኮንን)

ወንድሜ፣ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ አዎንታዊ ነው፤ ነገር ግን ለምን እስከ ዛሬ ከሁለቱም መድን ውጭ እንደኖሩ ማወቁ ይጠቅማል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር የታሰበው ለአርሶ አደሩና መደበኛ ቅጥር ለሌለው የከተማ ነዋሪ ነው። ለደመወዝተኛው የተዘጋጀው ሌላ መንገድ ነበር፤ እርሱም በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተደነገገው የማኅበራዊ ጤና መድን ሲሆን፣ ሠራተኛውና አሠሪው ከደመወዝ ላይ እንዲያዋጡ የሚያደርግ ሥርዓት ነው። አዋጁ ከወጣ በኋላ አፈጻጸሙ ለዓመታት ሲዘገይ በመኖሩ፣ ገበሬው የመድን ደብተር ይዞ ጤና ጣቢያ ሲገባ የፋብሪካው ሒሳብ ሠራተኛ ከኪሱ ሲከፍል ኖሯል። ለሁለተኛው ጥያቄዎ የምሰጠው መልስም ከዚሁ ይነሣል። በሌላ አገር ሰው ከሥራ ሲወጣ የሚያጣው መድኑን ነው፤ እርስዎ ግን ቀድሞም መድን አልነበረዎትም፣ ያጡት ሕክምና ይገዙበት የነበረውን ጥሬ ገንዘብ ነው። ደመወዝዎ ራሱ መድንዎ ነበር ማለት ነው። በአገራችን የሥራ አጥነት መድን የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ደመወዙ ሲቆም የሚቀረው የቤት ዕቃ ነው።

ወደ ተግባሩ ስንመለስ፣ ወረዳዎ ሄደው የምዝገባው ጊዜ መቼ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ምዝገባ ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለምና ካመለጠዎት ሌላ ዓመት መጠበቅ ሊኖርብዎት ይችላል። አባልነቱ በቤተሰብ ነው። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በቤተሰቡ መዋጮ ይታቀፋሉ፤ ከዚያ በላይ የሆነና አብሮ የሚኖር ዘመድ ግን ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቅበታል። ስለዚህ የቤቱ መዝገብ በእናትዎ ስም ከሆነ ይህንኑ ይንገሯቸው፤ እናትዎ የማንም ደመወዝተኛ ስላልነበሩ እርስዎ ሥራ ላይ በነበሩበት ጊዜም ቢሆን የሚመዘገቡበት መንገድ ይኖር ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። መዋጮውን ጨርሶ መክፈል ለማይችሉ፣ በተለምዶ «የደሃ ደሃ» ለሚባሉት፣ መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ፤ ሆኖም በማኅበረሰቡ ተለይቶ መመረጥን ስለሚጠይቅ ትናንት ደመወዝተኛ የነበረን ሰው ለዚያ የሚመርጠው ጎረቤት ማግኘት ይከብዳል። ከተመዘገቡ በኋላ ሁልጊዜ ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ ሽፋኑ ይጓደልብዎታል።

መልስ 2 (የሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ)

ጠያቂው ያላነሡትን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ የስንብት ክፍያዎን በአግባቡ ተቀብለዋል? በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለጡረታ ሳይደርስ ድርጅቱ በመዘጋቱ ወይም በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት የተሰናበተ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህን አንድ ሦስተኛ ያገኛል፤ ምክንያቱ መዘጋት ወይም ቅነሳ ሲሆን ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል። ለአራት ዓመት አገልግሎት ሲሰላ በድምሩ ወደ አራት ወር ደመወዝ ይመጣል። ብዙዎች የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ተቀብለው ፈርመው ይወጣሉ። ወረቀትዎን ይዩት፤ የይርጋ ጊዜ (ክስ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ) ስላለው ግን፣ ስምንት ወር አልፎዎታልና ጊዜው አልፎብዎት እንዳይሆን ወዲያው ያጣሩ።

መልስ 3 (ፋርማሲስቷ)

የጤና መኮንኑ ያሉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን መድን መያዝና መድኃኒት ማግኘት የተለያዩ መሆናቸውን ሳልናገር ባልፍ ጠያቂውን አሳስታለሁ። አባል ሆኖ ደብተሩን ይዞ ሄዶ «መድኃኒቱ አልቋል» የተባለ ሰው የሚመጣው ወደ እኛ ወደ ግል መድኃኒት ቤቶች ነው፤ እኛ ጋ ደግሞ ደብተሩ አይሠራም።

ዋጋው ለምን እንደናረ ደንበኞች በየቀኑ ይጠይቁኛል። አገሪቱ የምትጠቀምበት መድኃኒት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ሲሆን፣ እዚህ የሚመረተውም ቢሆን ጥሬ ዕቃው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲደርስ፣ ያ ልዩነት በየመደርደሪያችን ላይ ታይቷል። የደንበኛው ገቢ ግን በብር ነው፣ ያውም ካለው። ድሮ የወር አምሎዲፒን፣ ማለት የደም ግፊት ክኒን፣ ይወስድ የነበረ ሰው «የአምስት ቀን ብቻ ቁረጪልኝ» ሲለኝ ሥራ እንደለቀቀ አውቃለሁ፤ ስትሪፑን በመቀስ እቆርጥና እሰጠዋለሁ። የቆረጥኩለት ሰው ከሁለት ወር በኋላ በስትሮክ ሲወድቅ ቤተሰቡ የሚያወጣው ገንዘብ የስንት ዓመት አምሎዲፒን እንደሚገዛ ማንም አይደምረውም።

ስለ ኢንሱሊኑ ደግሞ፦ ያልተከፈተው ብልቃጥ ብቻ ነው የግድ ፍሪጅ የሚያስፈልገው፣ እርሱም በረዶ ሊመታው አይገባም። ተከፍቶ በአገልግሎት ላይ ያለው፣ ቤታችሁ ከ25 ዲግሪ በላይ የማይሞቅ ከሆነ፣ ለአራት ሳምንት ያህል ውጭ ሊቆይ ይችላል። ውኃ በያዘ ትልቅ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ትንሽ ደረቅ ገንቦ አስገብተው፣ ብልቃጡ ውኃ ሳይነካው እዚያ ውስጥ ክዳን አድርገው ጥላ ቦታ ያኑሩት። ጠዋትና ማታ የሰው በር ማንኳኳት አያስፈልግዎትም። የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ መጻፍ እንዳይረሱ።

መልስ 4 (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

«በሌላ አገር ሰው የሚያጣው መድኑን ነው» የተባለው እኔ ላይ ደርሷል። እዚህ አሜሪካ በሆቴል ሥራ ላይ ሳለሁ መድኔ ከአሠሪዬ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ከሥራ ስቀነስ ኮብራ በሚባለው ሕግ እስከ 18 ወር ድረስ በዚያው መድን መቆየት እንደምችል የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። ደስ ብሎኝ ሳነብ ግን አሠሪዬ ይከፍልልኝ የነበረውን ድርሻ ጨምሮ ሙሉውን መዋጮ፣ ከዚያም በላይ እስከ ሁለት በመቶ የአስተዳደር ወጪ ራሴ እንድከፍል ነው የሚለው። ገቢው የቆመ ሰው ከቀድሞው ብዙ እጥፍ እንዲከፍል መጠየቁ ምን ዓይነት አሠራር እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። በ60 ቀን ውስጥ የጤና መድን ገበያ በሚባለው የመንግሥት መመዝገቢያ በኩል ሌላ መድን በድጎማ ማግኘት እንደሚቻል የነገረኝ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነው፤ ያም ባይሆን ቀኑ አልፎብኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ ራሴ አይደለም። እኔ እዚህ ሥራ ባጣሁባቸው አምስት ወራት ውስጥ ለአባቴ የኩላሊት ክትትል የምልከው ገንዘብ ቆሞ ነበር፤ እርሱም ለእኔ ሳይነግረኝ ሁለት ቀጠሮ አሳልፏል። በሜሪላንድ የተቀነሰ አንድ ሠራተኛ በደሴ አንድ በሽተኛን ከሕክምና ያስቀራል፤ ይህ በየትኛው አገር የሥራ አጥነት ቁጥር ውስጥ እንደሚገባ አላውቅም።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የስንብት ወረቀቴን አውጥቼ አየሁት፤ የ60 ቀኑ ክፍያ የለበትም፤ ጠበቃው እንዳሉት ፈርሜ የወጣሁ ነኝ። በመጪው ሳምንት ለማመልከት ተዘጋጅቻለሁ። ወረዳም ሄጄ የቤቱ መዝገብ በእናቴ ስም መሆኑን አረጋግጫለሁ። የሚቀጥለው ምዝገባ ሲከፈት ቀዳሚ ተመዝጋቢዋ እሷ ትሆናለች፤ እኔ በተጨማሪ ክፍያ እገባለሁ፣ በእናቴ ጥገኝነት ማለት ነው። ይህን ስነግራት ከታመመች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ገንቦውን ከሾላ ገበያ ገዝቼ የተከፈተውን ብልቃጥ እዚያ አኑሬዋለሁ። እትዬ ግን ዛሬ ጠዋት ሳልመጣ በመቅረቴ «ምን ሆናችሁ?» ብለው እሳቸው በራችንን አንኳኩ።